የሠላሳ ዘጠኝ ሽልንግ ፍርድ፦ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ቅጣት እንዴት ተለወጠ?

በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መባቻ በለንደን ፍርድ ቤቶች መዛግብት ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ የገንዘብ መጠን አለ፤ እርሱም 39 ሽልንግ ነው። በጊዜው ሕግ መሠረት ዋጋው 40 ሽልንግ፣ ማለትም ሁለት ፓውንድ፣ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ንብረት ከመኖሪያ ቤት ውስጥ የሰረቀ ሰው በስቅላት ይቀጣ ነበር። የተከሳሹን ጥፋተኝነት የሚወስኑት አሥራ ሁለት ተራ ነዋሪዎች፣ የጁሪ አባላት የሚባሉት፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዎቿ ቤት ያወጣችው የብር ዕቃ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ መስረቋ ተረጋግጧል፣ የዕቃው ዋጋ ግን 39 ሽልንግ ነው ብለው ይወስኑ ነበር። ዋጋውን መገመት አቅቷቸው አልነበረም፤ በአንዲት ሽልንግ ልዩነት የሰው አንገት ከገመድ እንደሚተርፍ ስለሚያውቁ ነው እንጂ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 በነገሡበት ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ የተካሄደውን የቅጣት ለውጥ ለመረዳት ይህ የሐሰት ሒሳብ ከማንኛውም የሕግ አንቀጽ የተሻለ መግቢያ ይመስለኛል። እንግሊዝ በዚያ መቶ ዘመን ከጭካኔ ወደ ርኅራኄ ተሻገረች ሲባል እንሰማለን። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ብዙዎቹን የለውጡን ደጋፊዎች ያስቆጨው የድሮው ሕግ ጨካኝ መሆኑ ብቻ ሳይሆን አለመሥራቱም ጭምር ነበር። በመቶ ዘመኑ መባቻ በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ፤ ነገር ግን ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ፈጽሞ ስለማይመጣጠን የተሰረቀው ሰው መክሰስ ይሰቀቃል፣ ምስክሩ ያመነታል፣ ጁሪው ዋጋ ይቀንሳል፣ ዳኛው የሞት ፍርድ ፈርዶ ወዲያው ይቅርታ እንዲደረግ ያሳስባል። ሌባውም ይህንን ሁሉ ያውቃል። በ1830 የባንክ ባለቤቶች ሐሰተኛ ሰነድና ገንዘብ በሚያዘጋጁ ሰዎች ላይ ይጣል የነበረው የሞት ቅጣት እንዲቀር ለፓርላማ አቤቱታ ያቀረቡት ለአጭበርባሪዎች አዝነው አልነበረም። የሞት ቅጣቱ ጥፋተኛ የሚል ውሳኔ ለማግኘት እንቅፋት ስለሆነ ንብረታችን ያለ ጠባቂ ቀርቷል ብለው ነው።

እንግዲህ ቅጣቱ የቀለለው መቅጣት እንዲቻል ነው። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ፓርላማው የሞት ቅጣትን ከስርቆት፣ ከከብት ዘረፋና ከሐሰተኛ ሰነድ ላይ ደረጃ በደረጃ ካነሣ በኋላ፣ በ1861 በወጡት ጠቅላይ ሕጎች በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ግድያ፣ የአገር ክህደት፣ ጉዳት በማድረስ የሚፈጸም የባሕር ላይ ውንብድናና የመንግሥት የመርከብ ግቢዎችን ማቃጠል ብቻ ሆኑ። በተግባር ግን ከዚያ በኋላ በሰላም ጊዜ የተሰቀሉት ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ ቁጥራቸውም በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት በአማካይ ከሃያ አይበልጥም ነበር።

ቅጣቱ እርግጠኛ እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ወንጀለኛውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እስከ 1829 ድረስ ለንደን በአብዛኛው የምትጠበቀው ሌሊት ፋኖስ ይዘው በሚዞሩ የየሰፈሩ ዘበኞችና በጥቂት የፍርድ ቤት አገልጋዮች ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ያቋቋመው የለንደን ፖሊስ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1829 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎዳና ሲወጣ የሕዝቡ ስጋት ሌባ አልነበረም፤ መንግሥት የሚሰልልበት የፈረንሣይ ዓይነት ኃይል እንዳይሆን ነበር የተፈራው። ስለዚህ የደንብ ልብሱ ከቀዩ የጦር ሠራዊት ልብስ እንዲለይ ሰማያዊ ተደረገ፤ ፖሊሱም ጠመንጃ ሳይሆን አጭር የእንጨት ዱላና ጓደኞቹን የሚጠራበት ማንቋቂያ ያዘ። እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ፖሊስ «ቦቢ» የሚባለው ሮበርት የሚለው ስም ሲቆላመጥ ቦቢ ስለሚሆን ነው። አጀማመሩ ግን ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም፤ የመለያ ቁጥር 1 የተሰጠው ፖሊስ በተቀጠረ በአራት ሰዓት ውስጥ ሰክሮ ተገኝቶ ተባርሯል። በ1833 ደግሞ አንድ ፖሊስ ለንደን ውስጥ በፖለቲካ ስብሰባ ላይ በተነሣ ግጭት በስለት ተወግቶ ሲሞት፣ የአሟሟቱን መንስኤ ያጣራው ጁሪ ግድያው ተገቢ ነበር ብሎ ወሰነ። ያ ጥላቻ ቀስ በቀስ እየበረደ ሄዶ በ1856 እያንዳንዱ አውራጃና ከተማ የፖሊስ ኃይል እንዲኖረው በሕግ ተገደደ። በ1842 በለንደን ፖሊስ ውስጥ የተቋቋመው የመርማሪዎች ክፍል ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩት።

የፍርድ ሂደቱ ግን ከፖሊሱ በዘገየ ፍጥነት ነው የተለወጠው። ተከሳሹን የሚከሰው በአብዛኛው የተበደለው ሰው ራሱ ወይም እርሱን ወክሎ ፖሊሱ ነበር፤ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ዳይሬክተር የሚባል ሹመት የተፈጠረው በ1879 ሕግ ነው። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ለጁሪው እንዲናገርለት የተፈቀደው በ1836 ነው። ተከሳሹ በራሱ ጉዳይ ላይ ቃለ መሐላ ፈጽሞ እንደ ምስክር መናገር የቻለው በአጠቃላይ ሕግ በ1898 ነው፤ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቆመው ደግሞ ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላ በ1907 ነው። ይህ ማለት በቪክቶሪያ ዘመን በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ሰው የሚጮኸው ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ እንጂ ወደ ሌላ ዳኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ያልተሰቀለው ሰው ምን ይደረግ? የመጀመሪያው መልስ ግዞት ነበር። በአማርኛ ግዞት ስንል ወደ አንድ አምባ የሚወጣ መስፍን ወይም ከሹመቱ የወረደ መኳንንት ይታየናል፤ የእንግሊዙ ግዞት ግን የተራ ሰው፣ ይልቁንም የተራ ሌባ ቅጣት ነበር። መሐረብ ወይም የበግ ሙዳ የሰረቀ ሰው ሰባት ዓመት፣ ከፍ ሲል አሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ይጫናል። ከ1788 እስከ 1868 ድረስ በዚህ መንገድ የተጋዙት ወደ 160,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ከስድስቱ አንዷ ያህል ሴት ነበረች። መርከብ እስኪገኝ ድረስ ብዙዎቹ ምሰሶአቸው ወርዶ በወንዝ ዳር በታሰሩ አሮጌ የጦር መርከቦች ውስጥ ታጉረው ይቆዩ ነበር። ሰባት ዓመት የተፈረደበትም ቢሆን ዘመኑን ሲጨርስ የመመለሻ ጉዞውን ወጪ የሚችልለት ስለሌለ ቅጣቱ በተግባር የዕድሜ ልክ ይሆን ነበር።

ግዞቱን ያስቀረው ከሰብአዊነት ክርክር ይልቅ የአውስትራሊያ ሰፋሪዎች እምቢታና ወርቅ ነው። ነፃ ሰፋሪዎቹ አገራችን የወንጀለኛ መጣያ አይደለችም ብለው ተነሡ። በ1851 እዚያ ወርቅ ሲገኝ ደግሞ ቅጣቱ መሳቂያ ሆነ፤ ሐቀኛው ሠራተኛ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ወደሚሄድበት አገር ሌባውን በመንግሥት ወጪ መላክ ማለት ነበርና። በ1853 በወጣው ሕግ አብዛኛው ግዞት አገር ውስጥ በሚፈጸም ጽኑ እስራት ተተካ፤ የመጨረሻዋ የግዞተኞች መርከብ በጃንዋሪ 1868 ምዕራብ አውስትራሊያ ደረሰች። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እንግሊዝ አብዛኞቹን ወንጀለኞቿን መግደልም ሆነ መጣል አልቻለችም። አስራ፣ መልሳ፣ ከእነርሱ ጋር መኖር ነበረባት።

እስር ቤት ለእኛ የተለመደ ቅጣት ስለሆነ ሁልጊዜ የነበረ ይመስለናል። ሆኖም ከዚያ በፊት ወህኒ ቤት በአብዛኛው ፍርድ የሚጠባበቅ ተከሳሽና ዕዳውን ያልከፈለ ሰው የሚቆይበት፣ ወንዱና ሴቱ፣ አዛውንቱና ሕፃኑ ተደባልቆ የሚውልበት፣ ምግብ እንኳ በገንዘብ የሚገዛበት ስፍራ ነበር። የቪክቶሪያ ሰዎች ጊዜን ራሱን ቅጣት አደረጉት፤ ለዚህም የሚሆን ሕንፃ ሠሩ። በ1842 ሰሜን ለንደን ውስጥ የተከፈተው ፔንተንቪል 520 ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክፍል አራት ሜትር ያህል ርዝመትና ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት አለው። ክፍሎቹ ከአንድ ማዕከል እንደ ጨረር በሚወጡ ረጃጅም ኮሪደሮች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ማዕከሉ ላይ የቆመ ዘበኛ የሁሉንም ኮሪደር በሮች ያያል። እስረኛው በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል። ለመንሸራሸር ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን፣ ለዓይኑ ብቻ ቀዳዳ ያለው ቆብ ያጠልቃል። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ቄሱን እንዲያይ እንጂ ከጎኑ የተቀመጠውን እንዳያይ በሣንቃ ተከልሎ ይቀመጣል። በስሙ ፈንታም ቁጥር ይጠራበታል።

ይህን ሥርዓት ያቀዱት ሰዎች ራሳቸውን እንደ ጨካኝ አይቆጥሩም ነበር። ሐሳቡን ከፊላዴልፊያ ነው ያመጡት፤ ወንጀል ከክፉ ባልንጀራ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ ሰው ከባልንጀራው ተለይቶ ከሕሊናውና ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ብቻውን ቢተው ይጸጸታል ብለው ያምኑ ነበር። ባሕታዊ በፈቃዱ የሚገባበትን ዝምታ ለሌባ በግዴታ ሰጡት ማለት ይቻላል፤ ውጤቱም የሚጠበቀው ሆነ። መጀመሪያ አሥራ ስምንት ወር እንዲሆን የታሰበው የብቻ እስራት፣ አእምሯቸው የሚታወክ እስረኞች ስለበዙ፣ ወደ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎም ወደ ዘጠኝ ወር ዝቅ ተደረገ።

ወህኒ ቤቱ ያለ ተመልካች ሲቀር ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው ግን የበርሚንግሃም ጉዳይ ነው። እዚያ አስቀድሞ አዛዥ የነበረው አሌክሳንደር ማኮኖቺ የሚባል ሰው ነው። ከአውስትራሊያ ማዶ በምትገኘው በኖርፎክ ደሴት ከ1840 እስከ 1844 ግዞተኞችን ሲያስተዳድር፣ እስረኛ በመልካም ጠባይና በሥራ ነጥብ እያጠራቀመ የራሱን መፈቻ ቀን የሚያቀርብበትን ዘዴ የሞከረ፣ ዛሬ አመክሮ ለምንለው ነገር አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። በርሚንግሃም ላይ ልል ነህ ተብሎ ተሰናበተ፤ በቦታውም ምክትሉ የነበረው ሌተና ኦስቲን ተሾመ። በ1853 የአሥራ አምስት ዓመቱ ኤድዋርድ አንድሩስ የበሬ ሥጋ ሰርቀሃል ተብሎ ሦስት ወር ተፈርዶበት ወደዚህ ሰው እጅ ገባ። ሥራው መዘውር መጠምዘዝ ነበር። መዘውሩ በክፍሉ ውስጥ የቆመ፣ በእጅ የሚዞር፣ ዙሩን የሚቆጥር መሣሪያ የተገጠመለት ሣጥን ሲሆን ከዙሩ በቀር የሚያመርተው ነገር የለም፤ እህል አይፈጭም፣ ውኃ አይስብም። ልጁ በቀን 10,000 ጊዜ፣ ማለትም ከቁርስ በፊት 2,000፣ እስከ ምሳ 4,000፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 4,000 ጊዜ ማዞር ነበረበት። ያልጨረሰ እስረኛ ምግቡ ወደ ደረቅ ዳቦና ውኃ ይወርዳል። አልችል ሲል እጁን ከደረቱ ጋር የሚያስር ጃኬት አልብሰው፣ አንገቱን በጠንካራ ቆዳ ጠፍረው ከግድግዳ ጋር አሰሩት፤ ቀዝቃዛ ውኃም ደፉበት። ሁለት ወር ሳይሞላው በክፍሉ ውስጥ ራሱን ሰቅሎ ተገኘ።

ጉዳዩ በመርማሪ ኮሚሽን ተጣርቶ አዛዡ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለአጭር ጊዜ ታስሯል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መዘውሩ አልተወገደም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የ1865 የወህኒ ቤቶች ሕግ ይባስ ብሎ በመላ አገሪቱ ከባድ የጉልበት ሥራን ደነገገ፤ የዘመኑ ሰዎችም ሥርዓቱን ከባድ ሥራ፣ ከባድ ምግብ፣ ከባድ መኝታ በማለት ያጠቃልሉት ነበር። መኝታው ፍራሽ የሌለው ሣንቃ ነው። ሥራው መዘውሩ ወይም የእግር መንኮራኩሩ ነው፤ እስረኞቹ እንደ ደረጃ እየወረደ በሚዞር ግዙፍ ሲሊንደር ላይ ጎን ለጎን፣ ግን በሣንቃ ተለያይተው፣ ከስፍራቸው ሳይነቃነቁ ሽቅብ ሲወጡ ይውላሉ፤ የቀኑ መውጣት ሲደመር ከ2,000 ሜትር በላይ ሊሆን ይችል ነበር። ጉልበት ያነሰው አሮጌ የመርከብ ገመድ ይሰጠውና ቃጫ እስኪሆን ድረስ በጥፍሩ ይፈታዋል፤ ቃጫው በሬንጅ ተነክሮ የመርከብ ሣንቃዎችን መገጣጠሚያ ለመድፈን ስለሚያገለግል ይህኛው ሥራ ቢያንስ ጥቅም ነበረው። በ1878 የአካባቢ ወህኒ ቤቶች ሁሉ በመንግሥት እጅ ሲጠቃለሉ፣ ኤድመንድ ዱ ኬን የሚባል የጦር መሐንዲስ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አደረጋቸው።

ይህ መክረር ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቱ ፍርሃት ነበር። ግዞት ቀርቶ ወንጀለኞች ጽኑ እስራታቸውን በአገር ውስጥ መፈጸም ሲጀምሩ በአመክሮ የሚፈቱት ወደ ለንደንና ወደ ማንቸስተር ጎዳናዎች ይመለሱ ጀመር። በጁላይ 1862 አንድ የፓርላማ አባል በለንደን እምብርት፣ ፖል ሞል በሚባለው የባለጸጎች ጎዳና ላይ፣ ከኋላው አንገቱን ታንቆ ተዘረፈ። ጋዜጦች ለወራት ስለ አናቂዎች ጻፉ፤ ጨዋ ሰዎች ሾጣጣ ብረት ያለበት የአንገት ልብስ እየገዙ ነው የሚል ቀልድም ወጣ። ፖሊስ በዚያን ጊዜ ቀድሞ ተራ ዝርፊያ ይለው የነበረውን ሁሉ ማነቅ ብሎ መመዝገብ ስለጀመረ ቁጥሩ ራሱ ፍርሃቱን መገበው። በማግሥቱ ዓመት ፓርላማው ለእንዲህ ዓይነቱ ዘረፋ ግርፋትን መልሶ አመጣ፤ በ1864 ደግሞ የጽኑ እስራት ዝቅተኛ ጊዜ አምስት ዓመት፣ ለደጋጋሚ ሰባት ዓመት ሆነ። በ1869ና በ1871 በወጡ ሕጎች ደጋጋሚ ወንጀለኞች ፎቶግራፋቸው እየተነሣ በማዕከላዊ መዝገብ እንዲሰፍሩና ከተፈቱም በኋላ በፖሊስ ዓይን ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚህ ጊዜ ወዲህ ዳኛው የሚጠይቀው ምን እንደሰረቀ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ጭምር ነው። ለተራ ድሃ የተሰጠው «የወንጀለኛ መደብ» የሚለው ስምም የተዘወተረው በዚህ ዘመን ነው።

ያ ስም ሕፃናትንም ይጨምር ነበር። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ሊታሰርና ሊገረፍ ይችል ነበር፤ በ1838 ለወንዶች ልጆች ብቻ የተከፈተው የፓርክኸርስት ወህኒ ቤትም ብዙዎቹን ለግዞት የሚያዘጋጅ ነበር። ሜሪ ካርፔንተር የምትባል የብሪስቶል መምህርት ልጅን ወህኒ ማስገባት ወንጀለኛ ማሠልጠን ነው ብላ ስለተከራከረች በ1854 የማረሚያ ትምህርት ቤቶች ሕግ ወጣ። ነገር ግን ፓርላማው ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ስላልፈለገ አንድ አንቀጽ ጨመረበት፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አሥራ አራት ቀን ወህኒ መታሰር አለበት። የመምህርቷ ክርክር ባለበት ቀረና ሕጉ በሁለቱም መንገድ ሄደ።

የጁሪው አሮጌ ምሕረት በሌላ በኩል ብቅ ያለው በሴቶች ጉዳይ ነው። ያላገባች የቤት ሠራተኛ አርግዛ በድብቅ ወልዳ ሕፃኑ ሞቶ ሲገኝ ክሱ ግድያ፣ ቅጣቱም ሞት ነበር። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ሕፃኑ በሕይወት መወለዱ አልተረጋገጠም ብለው ልደትን በመደበቅ ብቻ ጥፋተኛ ያደርጓት ነበር፤ የዚህ ወንጀል ከፍተኛው ቅጣት ሁለት ዓመት እስራት ነው። ይህም ያው 39 ሽልንግ ነው፣ በሌላ ሒሳብ።

ባለጸጋውስ? እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። በ1855 ስትራሃን፣ ፖልና ቤትስ የሚባሉት ሦስት የለንደን ባንከኞች የደንበኞቻቸውን አደራ ሸጠው በመገኘታቸው እያንዳንዳቸው አሥራ አራት ዓመት ግዞት ተፈርዶባቸዋል። በአንጻሩ በ1878 የግላስጎው ከተማ ባንክ በስኮትላንድ ሲወድቅ፣ ዳይሬክተሮቹ ለዓመታት ሐሰተኛ የሒሳብ መግለጫ ሲያወጡ እንደቆዩ ተረጋገጠ። ከባንኩ 1,819 ባለአክሲዮኖች ዕዳውን ተሻግረው ሳይከስሩ የቀሩት 254 ብቻ ነበሩ፤ ባለአክሲዮን ለባንኩ ዕዳ በሙሉ ንብረቱ ይጠየቅ ስለነበር መበለቶችና ጡረተኞች ቤታቸውን አጡ። ከሰባቱ ተከሳሾች ሁለቱ አሥራ ስምንት ወር፣ አምስቱ ስምንት ስምንት ወር ታሰሩ። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰው ኪስ የሰረቀ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችል ነበር።

የአእምሮ ሕመም ጉዳይም የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በ1843 ዳንኤል መናክተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፒልን የመታ መስሎት ጸሐፊውን ገደለ፤ አእምሮው የታወከ ነው ተብሎም ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። በተነሣው ቁጣ ምክንያት ዳኞች በስሙ የሚጠራውን መመዘኛ አወጡ፤ ሰውየው የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ ወይም ስሕተት መሆኑን ካላወቀ አይጠየቅም። በ1882 አንድ ሰው በንግሥቲቱ ላይ ተኩሶ በዚሁ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲባል፣ ቪክቶሪያ የተተኮሰብኝ እኔ ሆኜ እንዴት ጥፋተኛ አይደለም ይባላል ብለው ተቆጡ። በማግሥቱ ዓመት የፍርዱ አነጋገር «ጥፋተኛ ነው፣ ነገር ግን የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» ወደሚል ተለወጠ። ለተከሳሹ ልዩነት አልነበረውም፤ ያም ሆነ ይህ የሚሄደው በ1863 ወደተከፈተው ብሮድሙር ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ወንጀለኞች ማቆያ ነው።

ስቅላቱ ራሱ እስከ 1868 ድረስ የአደባባይ ትዕይንት ሆኖ ቆየ። በኖቬምበር 1849 ባልና ሚስት የነበሩት ማኒንጎች በለንደን አንድ ወህኒ ቤት ጣራ ላይ ሲሰቀሉ አሥርተ ሺዎች ተሰብስበው ነበር፤ ከጎረቤት ቤቶች መስኮቶች ላይ ቦታ ይከራይ ነበር፣ ኪስ አውላቂዎችም በገመዱ ሥር ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በቦታው ተገኝቶ ካየ በኋላ ለታይምስ ጋዜጣ ባወጣው ደብዳቤ ስቅላቱ ከግንብ ውስጥ እንዲፈጸም ጠየቀ። ልብ እንበል፤ እንዲቀር አልነበረም የጠየቀው፣ እንዳይታይ እንጂ። በእንግሊዝ በአደባባይ የተሰቀለው የመጨረሻው ሰው ማይክል ባሬት ነው። እርሱም የአየርላንድን ነፃነት ከሚሹ ፌኒያኖች አንዱ ሲሆን፣ በዲሴምበር 1867 በለንደን በደረሰው የክለርከንዌል ፍንዳታ ተከስሶ ሜይ 26 ቀን 1868 በኒውጌት ወህኒ ቤት ደጃፍ ተሰቀለ። ይህ የሆነው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ገብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ስቅላትን ወደ ወህኒ ግቢ ውስጥ ያስገባው ሕግ በሦስተኛው ቀን ጸደቀ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሚያየው ከግንቡ በላይ የሚውለበለበውን ጥቁር ባንዲራ ብቻ ሆነ።

በመቶ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ የተመዘገቡ ስርቆቶችና ጥቃቶች ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ቀንሰዋል፤ ከ1857 ጀምሮ በየዓመቱ የወጡት የመንግሥት ቁጥሮች ይህን ያሳያሉ። ለዚህ ምስጋናው ለመዘውሩ ይገባል የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ዳቦ ረክሷል፣ የሠራተኛው ደመወዝ ጨምሯል፣ ፖሊስ በየስፍራው ተቋቁሟል፣ ከ1880 ጀምሮም ሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲውሉ ተገድዷል። በአንጻሩ ወህኒ ቤቱ ራሱ ደጋግመው በሚመለሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። በ1895 የኸርበርት ግላድስተን ኮሚቴ ያቀረበው ዘገባም የሚነቅፈው ይህንኑ ነው፤ ማስፈራትና ማረም እኩል ዓላማዎች መሆን አለባቸው፣ ፍሬ የሌለው ሥራ ሰውን ያዋርዳል እንጂ አያርምም አለ። በ1898 በወጣው ሕግ መዘውሩና የእግር መንኮራኩሩ መንገዳቸው ተዘጋ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉም ከእንግሊዝ ወህኒ ቤቶች ጠፉ።

ንግሥቲቱ በጃንዋሪ 1901 ካረፉ ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ ቀድሞ በቤንጋል የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኤድዋርድ ሄንሪ በለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት በስኮትላንድ ያርድ የጣት አሻራ ክፍል ከፈተ፤ ዘዴው የተቀመረው እንግሊዝ በምትገዛት ሕንድ ውስጥ ነበር። በዚያ መዝገብ አማካይነት በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው በ1902 ደቡብ ለንደን ውስጥ አንድ ቤት ሰብሮ የቢሊያርድ ኳሶች የሰረቀ ሌባ ነው። አዲስ በተቀባ የመስኮት ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱን አሻራ ትቶ ነበር፤ መዝገቡ ሲታይም ደጋጋሚ ሆኖ ተገኘ። ጁሪው ስለ ኳሶቹ ዋጋ የሚቀንሰው ነገር አልነበረም። ሰባት ዓመት ተፈረደበት።